ሲጋራን መተውና ትቶ መቆየት፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው አጫሽ ይስማማል?

ሲጋራ ለማቆም የወሰነ ሰው ምክር አይቸግረውም። አንዱ «በቃ ብለህ ጣለው» ይለዋል፤ ሌላው በየቀኑ አንድ አንድ ፍሬ እየቀነሰ እንዲላመድ ይመክረዋል፤ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የኒኮቲን ፕላስተር እልክልሃለሁ ይላል፤ እናት ደግሞ ጸበል እንዲገባ ትለምነዋለች። በእያንዳንዱ መንገድ ሲጋራን የተወ ሰው ስላለ ምክሮቹን ሐሰት ማለት አይቻልም። ጉድለታቸው የሰውየው ሱስ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይጠየቅ ለሁሉም በእኩል መታደላቸው ነው። ይህ መመሪያ መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያወዳድራል፤ ማወዳደሪያውም አንድ ሐሳብ ነው፦ ማቆምና አቁሞ መቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚመረጠው መሣሪያና ለስድስተኛው ወር የሚመረጠው አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ብዙ ጠንካራ ሰዎች ተመልሰው የሚያጨሱት የመጀመሪያውን በሚገባ መርጠው ስለ ሁለተኛው ሳያስቡ ስለሚቀሩ ነው።

አስቀድሞ ሱሱን መለየት

ጭሱ ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ሱስ የሚያስይዘው ንጥረ ነገር፣ ኒኮቲን፣ አንጎል ይደርሳል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ሌሊቱን ሳያጨስ ያደረ ሰው ጠዋት ሲነቃ በሰውነቱ የቀረው ኒኮቲን በጣም ትንሽ ነው፤ በዚያች ሰዓት የሚሰማው ጥድፊያም የሱሱን ጥልቀት ከምንም ነገር በላይ ያሳያል። ሐኪሞች ሱሱን በሁለት ጥያቄዎች ብቻ ለመለካት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው፦ ከእንቅልፍዎ ከነቁ በኋላ የመጀመሪያውን ሲጋራ በስንት ደቂቃ ውስጥ ያጨሳሉ? በቀን ስንት ፍሬ ያጨሳሉ?

ፊታቸውን ሳይታጠቡ የሚለኩሱ፣ በአጠቃላይም ከነቁ በኋላ 30 ደቂቃ መታገሥ የማይችሉ ሰዎች ሱሳቸው በዋናነት የሰውነት ነው። በሌላ በኩል እስከ ቀትር ድረስ ሲጋራ ትዝ የማይላቸው፣ ቢራ ሲከፈት ወይም በርጫ ላይ ሲቀመጡ ግን ፓኮ የሚጨርሱ ሰዎች አሉ፤ የእነዚህ ሱስ የተያዘው በአጋጣሚዎችና በሰዎች ዙሪያ ነው። ለመጀመሪያዎቹ መድኃኒት ብዙ ይረዳቸዋል። ለሁለተኞቹ ግን ምሽታቸውን የት እንደሚያሳልፉ ካልለወጡ በስተቀር ፕላስተር ብቻውን የሚሠራላቸው ነገር ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ከሁለቱም የተቀላቀለ ስለሆነ ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት እያንዳንዱን ሲጋራ የት፣ ከማን ጋር፣ ከምን በኋላ እንዳጨሰ በስልኩም ሆነ በወረቀት ቢመዘግብ ምርጫው በእጅጉ ይቀልለታል።

በአንዴ ማቆም ወይስ ቀስ በቀስ መቀነስ?

በዚህ ጥያቄ ላይ ጥሩ ማስረጃ አለ። በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 697 አጫሾችን በሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በተቆረጠ ቀን በአንዴ እንዲያቆም፣ ሌላውን ለሁለት ሳምንት እየቀነሰ እንዲያቆም አድርጓል። ከአራት ሳምንት በኋላ በአንዴ ካቆሙት 49 በመቶ፣ ከቀነሱት 39 በመቶ ያህሉ ሳያጨሱ ተገኝተዋል፤ ከስድስት ወር በኋላም ልዩነቱ 22 በመቶ ለ15.5 በመቶ ነበር። እዚህ ላይ ሳይዘለል መነበብ ያለበት ነገር ሁለቱም ወገኖች የኒኮቲን ምትክ፣ ማለትም ፕላስተርና የመሳሰለውን፣ እንዲሁም የነርስ ምክር ያገኙ መሆናቸው ነው። ጥናቱ ያሸነፈ ያደረገው ቀን ቆርጦ፣ ተዘጋጅቶና ረዳት ይዞ ማቆምን ነው፤ በባዶ እጅ «ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ መፎከርን አይደለም። ያለ ምንም እርዳታ ከሚያቆሙ 100 ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሳያጨሱ የሚቆዩት ከ3 እስከ 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ በዓለም ላይ ሲጋራን ከተዉት ሰዎች ብዙዎቹ ያለ መድኃኒት የተዉ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚሞክረው ሰው ብዙ ነው፣ የሚደጋግመውም ብዙ ነው። መድኃኒት በአቅራቢያዎ ከሌለ በአንዴ ማቆም የሚናቅ መንገድ አይደለም ማለት ነው።

ቀስ በቀስ መቀነስ በእኛ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ድክመት አለው። ሲጋራ በየመንገዱ በነጠላ ስለሚሸጥ ፓኮ መግዛት ያቆመ ሰው የቀነሰ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቁጥሩን የቀነሰ አጫሽ እያንዳንዷን ፍሬ አጥብቆና አርቆ የመሳብ ዝንባሌ ስላለው የሚያገኘው ኒኮቲን እንደ ቁጥሩ አይቀንስም። ከዚህ የከፋው ደግሞ መቀነስን እንደ መድረሻ መቁጠር ነው። በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው የሚሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ 20 የሚያጨስ ሰው ከሚሸከመው ግማሽ ያህል መሆኑ በጥናት ታይቷል፤ አንድ ሃያኛ አይደለም። ስለዚህ መቀነስን የሚመርጥ ሰው የማቆሚያው ቀን አስቀድሞ ተቆርጦለት፣ በኒኮቲን ምትክ ወይም በሐኪም መድኃኒት እየተደገፈ ቢቀንስ መልካም ነው፤ ቀን የሌለው መቀነስ ግን ማጨስ ነው።

የኒኮቲን ምትክ፦ ፕላስተር፣ ማስቲካና ከረሜላ

ብዙ ሰው «ኒኮቲንን በኒኮቲን መተካት ሱስ መቀየር ነው» ይላል። ስጋቱ የሚገባ ቢሆንም ካንሰሩንና የሳንባውን በሽታ የሚያመጣው የሚቃጠለው ትምባሆ ጭስ ነው፤ ኒኮቲን ሱሱን ያስይዛል። ከፕላስተር የሚገኘው ኒኮቲን በቆዳ በኩል በዝግታ ስለሚገባ ሲጋራ የሚሰጠውን ፈጣን እርካታ አይሰጥም፤ ስለዚህም ፕላስተርን መተው ሲጋራን ከመተው እጅግ ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ምትክን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ ለሚያጨስ ሰው ይስማማል። በቀን ከ10 ፍሬ በላይ የሚያጨስ ሰው ብዙ ጊዜ በ21 ሚሊግራም ጀምሮ ለ6 ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ ለ2 ሳምንት ወደ 14፣ ለሌላ 2 ሳምንት ወደ 7 ሚሊግራም ይወርዳል። 10 ወይም ከዚያ በታች የሚያጨስ በ14 ይጀምራል። በየጠዋቱ ፀጉር በሌለበት ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ፣ ቦታውን እየቀያየሩ ይለጠፋል። ሌሊት ቅዠት ከበዛ ማታ ማንሳት ይቻላል። ድክመቱ ድንገት ለሚመጣ አምሮት የማይደርስ መሆኑ ነው።

ለድንገተኛው አምሮት ማስቲካው ወይም ከረሜላው ይሻላል። ከነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚያጨስ ባለ 4 ሚሊግራሙ፣ ከዚያ በኋላ ለሚያጨስ ባለ 2 ሚሊግራሙ ይመረጣል። የኒኮቲን ማስቲካ እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፤ ማቃጠል ወይም መጎምዘዝ እስኪጀምር ቀስ ተብሎ ይታኘክና በድድና በጉንጭ መካከል ይቀመጣል፤ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ይታኘካል። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ግድግዳ በኩል ስለሆነ ያለማቋረጥ አኝኮ ምራቁን የሚውጥ ሰው የሚያተርፈው ስቅታና የሆድ ቃጠሎ ነው። ለእኛ ከሁሉ የሚያሻው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ይህ ነው፦ ቡና፣ ለስላሳና ጭማቂ የአፍን አሲድነት ስለሚጨምሩ ኒኮቲኑ እንዳይገባ ያግዱታል። ማስቲካውን ከመያዝ 15 ደቂቃ በፊትና በአፍ ውስጥ እያለ ከውኃ በቀር ምንም አለመጠጣት ያስፈልጋል። «ማስቲካው አይሠራም» ብለው ከተዉት ሰዎች መካከል በቡና ያወራረዱት ጥቂት አይመስሉኝም።

ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ አይደለም። ፕላስተርን ከማስቲካ ወይም ከከረሜላ ጋር ማጣመር አንዱን ብቻ ከመጠቀም እንደሚበልጥ በሚገባ ተረጋግጧል፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርድ ለሚለኩስ ሰው የምመርጠውም ይህንኑ ነው። እርጉዞችና በቅርቡ የልብ ሕመም ያገኛቸው ሰዎች ግን አስቀድመው ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ እነዚህ ምርቶች በየፋርማሲው ሁልጊዜ ስለማይገኙ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የ10 ሳምንቱን በአንድ ላይ ማግኘቱን ሳያረጋግጥ ባይጀምር ይሻላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ያለቀ ፕላስተር ሰውን መሐል መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ መድኃኒቶች

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከኒኮቲን ምትክ ሌላ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን የተባሉ መድኃኒቶችን ከምክር አገልግሎት ጋር አጣምሮ መጠቀምን ደግፏል።

ቫሬኒክሊን ኒኮቲን የሚያርፍበትን የአንጎል ተቀባይ በከፊል እየቀሰቀሰ አምሮቱን ያበርዳል፤ ቦታውን ቀድሞ ስለያዘም ሰውየው ቢያጨስ እንኳ የለመደውን እርካታ አያገኝም። ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት በፊት በትንሽ መጠን ተጀምሮ ለ12 ሳምንት ይወሰዳል። ዋናው ችግሩ ማቅለሽለሽ ነው፤ ከምግብ በኋላ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ሲወሰድ ይቀንሳል። ቁልጭ ያለ ሕልም ማየትም የተለመደ ነው። የአእምሮ ሁኔታን ያናጋል የሚለው ስጋት ለዓመታት ብዙዎችን ሲያስፈራ ቢቆይም በ16 አገሮች 8,144 ሰዎችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን የተለየ ጉልህ አደጋ አላገኘም። በዚሁ ጥናት ከ9ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ሳያጨሱ የቆዩት ቫሬኒክሊን ከወሰዱት 21.8 በመቶ፣ ቡፕሮፒዮን ከወሰዱት 16.2፣ ፕላስተር ከለጠፉት 15.7፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 9.4 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይናገራሉ፤ መድኃኒት ዕድልን በእውነት ያሰፋል፣ ነገር ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ ከአምስት ሰዎች አራቱን ገደማ ብቻውን አልያዘም።

ቡፕሮፒዮን ለድብርትም የሚታዘዝ መድኃኒት ሲሆን ከማቆሚያው ቀን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በፊት ይጀመራል። ድብርት ላለበት ወይም ክብደት መጨመርን አጥብቆ ለሚፈራ ሰው ይታሰባል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት፣ ከባድ የአመጋገብ ሕመም ላለበትና አልኮልን በድንገት ላቋረጠ ሰው ግን አይፈቀድም። ሳይቲሲን ከዕፅዋት የሚወጣ ሲሆን በቡልጋሪያ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ሕክምናው 25 ቀን ብቻ ስለሚወስድ በሚገኝበት አገር ጥሩ አማራጭ ነው። ለስኪዞፍሬንያ ኦላንዛፒን ወይም ክሎዛፒን፣ ለአስም ቲኦፊሊን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል በምንም ዘዴ ቢያቆም ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት።

ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ

ሺሻ በውኃ ስለሚያልፍ ይጣራል የሚለው እምነት ስህተት ነው። የአንድ ሰዓት ሺሻ 200 ያህል ጊዜ የሚሳብ ሲሆን ሲጋራ 20 ያህል ጊዜ ብቻ ይሳባል፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝም ይጨመራል። ከሲጋራ ወደ ሺሻ መዛወር ከማነጻጸሪያው ውስጥ ሊገባ የሚችል አማራጭ አይደለም።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከዚህ ይለያል። ኒኮቲን ያለበት ዓይነት ከፕላስተርና ከማስቲካ በበለጠ ሰዎችን ከሲጋራ እንደሚያላቅቅ ጠንካራ ማስረጃ ስላለ የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ለአዋቂ አጫሾች እንደ አንድ አማራጭ ያቀርበዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን አይመክረውም። በኢትዮጵያ ሁለቱም፣ ሺሻውም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራውም፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከሉ ናቸው። ብሪታንያ የሚኖር አንባቢ ሌላው ሁሉ ካልሠራለት፣ ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ከተወና መሣሪያውንም የሚተውበትን ጊዜ ከወሰነ ሊያስብበት ይችላል። ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ ወጣት ግን ፈጽሞ ሊነካው አይገባም።

ቡና፣ በርጫና መጠጥ

ስለ ማቆም የሚጻፉ የውጭ መመሪያዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ለእኛ አጭር ይሆናሉ። ቡናን እንውሰድ። የትምባሆ ጭስ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጉታል። ሰውየው ሲጋራውን ሲያቆም ይህ ፍጥነት ስለሚቀንስ ያንኑ የለመደውን ቡና እየጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ካፌይን እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የልብ ትርታ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና ንዴት ይመጣሉ፤ እሱም ሁሉንም የሲጋራ እጦት ያመጣበት ይመስለውና ለኩሶ «ሲጋራው አረጋጋኝ» ይላል። መፍትሔው ቡናን መተው ሳይሆን ወደ ግማሽ ማውረድ ነው፤ ከአቦል ጋር ጨርሶ ቶናውንና በረካውን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዝለል ይበቃል። ቀጥሎም ቦታን መቀየር ይረዳል፦ ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ከማኪያቶ ጋር የሚያጨስ ሰው ቤት ውስጥ ወይም ማጨስ በተከለከለበት የካፌው ውስጠኛ ክፍል መቀመጥ ይችላል።

ጫት ከዚህ ይከብዳል። በርጫ ላይ ምርቃናው ሲጀምር ሲጋራ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ማታ ለጨብሲ ሲወጣ ደግሞ አልኮሉ የቀረውን ውሳኔ ያላላዋል። እዚህ ላይ ያለው ምርጫ ሁለቱን አብሮ መተው ወይም ሲጋራውን ብቻ መተው ነው። ሲጋራ የሚያጨሰው ሲቅም ብቻ የሆነ ሰው ሁለቱን አብሮ ቢተው እመክራለሁ፤ እየቃመ ሲጋራ አለመንካት በየቀኑ ራስን ከሁሉ በሚያይለው ፈተና ፊት ማቆም ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያጨስና ጫትን ለመተው ገና ያልወሰነ ሰው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካልተውኩ ብሎ ሲጋራውን ማቆየት የለበትም። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ከበርጫው ይራቅ፤ አብሮ የሚቅም ወዳጅም ካለው ሲጋራ እንዳያቀርብለት በግልጽ ይንገረው።

ጾምና ጸበል

ረመዳንን የሚጾም አጫሽ ቀኑን ሙሉ ሳያጨስ መዋል እንደሚችል በየዓመቱ ለራሱ ያስመሰክራል፤ የሚወድቀው ከኢፍጣር በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። ስለዚህ የማቆሚያውን ቀን በጾሙ መጀመሪያ አካባቢ ማድረግና የምሽቱን ሰዓት ማስቲካና ተራዊሕ በመሳሰሉት መሙላት ጥሩ ምርጫ ነው። በዐቢይ ጾም የሚጀምር ክርስቲያንም ከመጠጥ ቤቱ ለ55 ቀናት ስለሚርቅ ተመሳሳይ ዕድል ያገኛል፤ ፋሲካ ማግስት ግን ከማን ጋር እንደሚውል አስቀድሞ ማሰብ አለበት። በጾም ሰዓት ፕላስተር መጠቀምን በሚመለከት የሃይማኖት አባትን መጠየቅ ይገባል።

ጸበል የሚገባ ሰው ከጸሎቱና ከእምነቱ ኃይል ጋር ሌላም ነገር ያገኛል፦ ከጓደኞቹ፣ ከሰፈሩ ሱቅና ከለመደው ሰዓት ይርቃል፤ አስቸጋሪዎቹን የመጀመሪያ ሳምንታትም ሲጋራ በማይታሰብበት ቦታ ያሳልፋል። የመድኃኒት መቋረጥ የሌለበት እስከሆነ ድረስ ይህን ከሕክምና ጋር የሚያጣላ አንዳች ምክንያት አላይም። ፈተናው የሚጀምረው ሲመለስ ስለሆነ በተመለሰበት ሳምንት ማን እንደሚቀበለውና የት እንደሚውል ገና ከመሄዱ በፊት ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር አለበት።

ከማን ጋር?

ምክር ማግኘት የመድኃኒቱን ውጤት ይጨምራል። በአሜሪካ 1-800-784-8669 ሲደወል ከየስቴቱ ነጻ የምክር አገልግሎት ጋር ያገናኛል፤ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብም መጠየቅ ይቻላል። በእስራኤል የጤና መድን ድርጅቶቹ፣ ኩፖት ሆሊም የሚባሉት፣ ለአባሎቻቸው የማቆሚያ ሥልጠና ከመድኃኒት ድጋፍ ጋር ይሰጣሉ። በብሪታንያም ነጻ አገልግሎት አለ። በኢትዮጵያ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም የሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መነሻ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ከቤተሰብ ተደብቀው የሚያጨሱ ሴቶች ናቸው፤ ነውሩ ከባድ ስለሆነ ማቆማቸውንም ተደብቀው ይታገላሉ። ለእነሱ ከቤተሰብ ይልቅ የስልክ ምክር ወይም አንዲት የምትታመን የጤና ባለሙያ ትሻላለች።

ትቶ መቆየት

የሰውነት እጦት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በርትቶ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አምሮት በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል፤ ነገር ግን ሳይታሰብ ይመጣል፦ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ፣ ከሥራ ሲባረሩ፣ የቆየ ጓደኛ ከውጭ ሲመጣ። በዚህ ጊዜ ሁለት አቋሞች ይወዳደራሉ፤ «በልዩ ቀን አንዲት ብቻ» እና «አንዲትም አይሆንም»። ሁለተኛውን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። «አንዲት ብቻ» የሚል ሰው በየአጋጣሚው ከራሱ ጋር አዲስ ክርክር ይገጥማል፤ «አላጨስም» ብሎ የቆረጠ ግን ክርክሩን አንዴ ጨርሶታል። ሲጋራ ሲቀርብለትም «አቁሜያለሁ» ከማለት «አላጨስም» ቢል ይሻለዋል፤ የመጀመሪያው መልስ ለምን፣ ከመቼ ጀምሮ የሚል ጨዋታ ይጋብዛል።

የክብደት መጨመር ብዙዎችን ይመልሳል። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፤ ይህ ለልብና ለሳንባ ከሲጋራ ጋር የሚወዳደር ጉዳት አይደለም፤ የእግር ጉዞና ከስኳር ይልቅ ቆሎ መያዝ ይረዳሉ። አሁን ምን ይጠቅመኛል ለሚሉ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ የብሪታንያ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት የተከታተለው ጥናት መልስ አለው፤ በ60 ዓመት ያቆሙ 3 ዓመት ያህል፣ በ50 ያቆሙ 6፣ በ40 ያቆሙ 9፣ በ30 ያቆሙ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ አትርፈዋል።

ቢሳሳቱና አንዲት ቢያጨሱ ፕላስተሩን አይንቀሉ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጡ፤ የቀረውን ሲጋራ በዚያው ሰዓት ይጣሉት። ወደ ሙሉ ማጨስ ከተመለሱም የሚቀጥለው ሙከራ ያለፈውን መድገም የለበትም፦ ያቃተዎት ጠዋት ከሆነ የኒኮቲኑ መጠን አንሶ ይሆናልና ፕላስተሩ ላይ ማስቲካ ይጨምሩ ወይም ስለ ቫሬኒክሊን ሐኪም ይጠይቁ፤ ያቃተዎት ማታ ከሰው ጋር ከሆነ ግን መድኃኒቱን ሳይሆን የምሽቱን ቦታና ባልንጀራ ይቀይሩ።